ለአዘጋጁ፦ የኬሚካል ፉርጎ ቫልቮላ ክዳን ለምን አሉሚኒየም ይሆናል?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ከረማችሁ። የምጽፍላችሁ ከኮሎምበስ ኦሃዮ ነው። ስራዬ የባቡር ታንከር ፉርጎዎች ላይ ያሉትን ቫልቮላዎች ፈትቼ ማጠብ፣ ሞላቸውን መለካት፣ ጓርኒሲዮናቸውን ቀይሬ መልሼ ገጥሜ በአየር ግፊት መፈተሽ ነው። ጋዜጣ ላይ ጽፌ አላውቅም፣ አማርኛዬም ላይ የጋራዥ ቃል ይበዛል፣ እሱን ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ነገር ባለፈው ለቅሶ ቤት ተቀምጠን የኢስት ፓለስታይን፣ እዚሁ ኦሃዮ የኬሚካል ባቡር ከሀዲድ የወጣባት ከተማ፣ ነገር ተነሳና አንዱ "ባቡሩ ፈንድቶ ነው ከተማዋን መርዝ ያለበሳት" ሲል ሌላው "የለም የለም ራሳቸው ናቸው ያፈነዱት" ብሎ ክርክሩ እስከ ምሽት ቀጠለ፣ ያንን ሁሉ ሰአት ግን የነገሩ ሁሉ መሀል ላይ ያለችውን እቃ አንድም ሰው ስሟን አላነሳም። እኔም የቤቱ ሀዘን ስለሆነ ብዙ ማውራት አልፈለግኩም ዝም አልኩ፣ ቤቴ ስገባ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እቃዋ ሪሊፍ ቫልቭ ትባላለች። ታንከሩ አናት ላይ፣ ክዳን ያለው የብረት ቤት ውስጥ ነው ምትቀመጠው። ኦሃዮ ካለነው ሀበሾች ስንቱ ነው ትራክ የሚነዳው፣ እናንተ ቶሎ ይገባችኋል፣ ለሲዲኤል ማለትም ለትራክ መንጃ ፈቃድ ስታጠኑ የኤር ብሬኩ ታንክ ላይ ሴፍቲ ቫልቭ እንዳለና አብዛኛውን ጊዜ ግፊቱ 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሲደርስ እንደሚከፈት ሸምድዳችኋል አይደል፣ ያው እሷው ናት። ውስጧ ጠንካራ ሞላ አለ፣ ሞላው መዝጊያውን ወደታች ተጭኖ ይይዘዋል፣ የታንኩ ግፊት ከሞላው ጉልበት ሲበልጥ መዝጊያው ይነሳና ትተነፍሳለች፣ ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ሞላው መልሶ ይዘጋዋል። ልዩነቱ ትራካችሁ ላይ የምትተነፍሰው አየር ነው፣ እኔጋ የምትተነፍሰው ግን ቫይናይል ክሎራይድ ነው፣ የፒቪሲ ቧንቧ የሚሰራበት፣ ካንሰር የሚያመጣ፣ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የሚፈላ ነገር። ማለት ኦሃዮ ጥር ላይ በረዶ ውስጥ ቆሞ እንኳን በግፊት ታፍኖ ነው ፈሳሽ የሚሆነው።

ግፊቷን በተመለከተ ህጉ እውነትም ጥብቅ ነው፣ አልዋሽም። ተመላሽ የምንላት ማለትም ተከፍታ ራሷ የምትዘጋዋ ቫልቮላ ከ75 ፒኤስአይ በታች መተንፈስ መጀመር አትችልም፣ ታንኩ ይቀደድበታል ተብሎ ከተሰላው ግፊት ደግሞ ከ33 ፐርሰንት ማለፍ የለባትም። ቫይናይል ክሎራይድ የሚጫንበት 300 የሚል ምልክት ያለው ታንክ መቀደጃው ቢያንስ 750 ነው፣ ስለዚህ የቫልቮላዋ ጣሪያ 247.5 ይሆናል ማለት ነው። እሷም ብትሆን መክፈቻዋ ከ100 በላይ ከሆነ ከተጻፈላት ቁጥር 3 ፐርሰንት ብቻ ነው እንድትስት የሚፈቀድላት። እኔ ቀኑን ሙሉ ጌጅ ላይ አፍጥጬ የምውለው ለዚች 3 ፐርሰንት ነው፣ ካለፈች ወደ ጠረጴዛው ትመለሳለች፣ እንደገና ትፈታለች።

የታንክ ፉርጎ ህግ ዝም ብሎ ቢሮ ውስጥ የተጻፈ አይደለም፣ ሰው ሞቶበት ነው። 1973 ላይ ኪንግማን አሪዞና አንድ የፕሮፔን ፉርጎ ሲራገፍ እሳት ተነሳ፣ ቫልቮላዋ ስራዋን ሰራች፣ ተከፍታ እየጮኸች እሳት ትተፋ ነበር፣ ግን እሳቱ ከላይ በኩል ፈሳሽ የማይነካውን የታንኩን ላሜራ እያጋለ አለሰለሰውና ሀያ ደቂቃ ገደማ ላይ ታንኩ ተቀደደ። 12 ሰው ሞተ፣ 11ዱ እሳት አጥፊዎች ነበሩ። ፈሳሽ ያለበት በኩል ብረቱ አይጎዳም፣ ፈሳሹ ሙቀቱን ይወስድለታል፣ ባዶ በጋዝ ብቻ የተሞላው በኩል ነው የሚሞተው። ቫልቮላዋ ግፊቱን ልትቀንስ ትችላለች፣ ብረቱን ማቀዝቀዝ ግን አትችልም። ከእንዲህ አይነቱ እልቂት በኋላ ነው ታንኩ እሳት መከላከያ ልብስ እንዲኖረው፣ ሙሉ በሙሉ እሳት ውስጥ ተኝቶ 100 ደቂቃ፣ እንደ ችቦ የሚወረወር እሳት ሲገርፈው ደግሞ 30 ደቂቃ እንዲችል የተደነገገው። 1978 ላይ ደግሞ ዌቨርሊ ቴነሲ የሆነው ሌላ ነው፣ ባቡሩ ከሀዲድ ከወጣ ሁለት ቀን አልፎት፣ እሳትም ሳይኖር፣ ሰዎች እያነሱት እያለ የቆሰለው የፕሮፔን ታንክ ቀኑ ሲሞቅ ድንገት ተቀደደና 16 ሰው ጨረሰ። ቫልቮላዋ የምትጠብቀው ጤነኛ ታንክ ነው፣ የተሰነጠቀ ታንክ እሷ ሳትከፈት በፊት ነው የሚሄደው። ይሄንን የምናገረው ቫልቮላዋ አለች ተብሎ ሁሉም ነገር እሷ ላይ እንዳይጣል ነው።

አሁን ወደ ኢስት ፓለስታይን ልምጣ። ከኛ በመኪና ሁለት ሰአት ተኩል ገደማ ትርቃለች፣ ፔንሲልቬኒያ ድንበር ላይ፣ አምስት ሺህ የማይሞላ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2023 ማታ ሶስት ሰአት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው የኖርፎክ ሳውዘርን ባቡር አንድ ፉርጎ ኩሽኔታው ግሎ ተበላና 38 ፉርጎ ከሀዲድ ወጣ። ሀዲዱ ዳር ያሉት ሙቀት መለኪያዎች ኩሽኔታው ሲግል አይተውታል፣ ሴለም የምትባል ከተማ ላይ ከአየሩ ሙቀት በ103 ዲግሪ ፋራናይት በልጦ ነበር፣ ኢስት ፓለስታይን ሲደርስ በ253፣ በቃ ረፍዶ ነበር። መጀመሪያ የተቀደዱት ቫይናይል ክሎራይዶቹ አይደሉም፣ ይሄንን ብዙ ሰው አያውቅም፣ 111 የሚባሉት አሮጌ አይነት ታንኮች ናቸው ተቀደው ተቀጣጣይ ፈሳሽ ያፈሰሱትና እሳቱን ያስነሱት። አምስቱ የቫይናይል ክሎራይድ ፉርጎዎች ተገልብጠውም ሳይቀደዱ እሳቱ መሀል ተኝተው ነበር። ቫልቮላዎቻቸው እየተከፈቱ ይተነፍሱ ነበር፣ አንዷ በማግስቱ ከሰአት በኋላ ከአንድ ሰአት በላይ በሀይል ስትተነፍስ ቆይታ ዝም አለች።

ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚች ዝምታ ላይ ነው። ቫልቮላ ዝም ስትል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፣ ወይ ግፊቱ ወርዶላት ሞላዋ ዘግቷታል፣ ማለት እንደተሰራችው ሰርታለች፣ ወይ ደግሞ የሆነ ነገር ጉሮሮዋን ዘግቶት ታንኩ ውስጥ ግፊቱ እየተጠራቀመ ነው። ከውጭ ሆነህ ስታያት ሁለቱም አንድ ነው የሚመስሉት። እዛ የነበሩት የባቡሩ ድርጅት ያመጣቸው ኮንትራክተሮች ሁለተኛውን ፈሩ፣ ፈሳሹ ውስጥ ለውስጥ እርስ በርሱ እየተያያዘ ወደ ፕላስቲክ እየተቀየረ ነው፣ ፖሊመራይዜሽን ጀምሯል፣ ቫልቮላውንም ደፍኖታል አሉ። ፖሊመራይዜሽን ሲጀምር ራሱ ሙቀት ያመነጫል፣ ሙቀቱ ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል፣ መጨረሻው ፍንዳታ ነው፣ ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ግን እንደዛ ከሆነ የታንኩ ሙቀት መጨመር ነበረበት፣ ሲለካ ግን እየወረደ ነበር። ፈሳሹን የሚያመርተው የኦክሲ ቫይናይልስ ባለሙያዎች ፖሊመራይዜሽን የለም እያሉ ነበር፣ ቃላቸው ግን የሚወስነው ሰው ጆሮ በደምብ አልደረሰም። የከተማዋ የእሳት አደጋ ሀላፊ ለመወሰን የተሰጠው ጊዜ 13 ደቂቃ ነበር። አስራ ሶስት ደቂቃ! እኔ አንዲት ቫልቮላ ፈትቼ ለማጠብ ከዛ በላይ ይፈጅብኛል።

ፌብሩዋሪ 6 ከቀኑ አስር ሰአት ተኩል አካባቢ አምስቱንም ታንኮች በፈንጂ በስተው ፈሳሹን ጉድጓድ ውስጥ አፍስሰው አቃጠሉት። ያ ሁላችሁም በቲቪ ያያችሁት ጥቁር ጭስ እሱ ነው። ስለዚህ ለቅሶ ቤት "ራሳቸው ናቸው" ያለው ወንድሜ ልክ ነው። መርማሪው መስሪያ ቤት ኤንቲኤስቢ ጁን 25 ቀን 2024 እዛው ኢስት ፓለስታይን ከተማ ህዝቡ ፊት ተሰብስቦ ማቃጠሉ አያስፈልግም ነበር ብሎ ደመደመ፣ ፈሳሹም እስኪበሳ ድረስ ተረጋግቶ ነበር፣ ፖሊመራይዜሽን አልነበረም። እኔ ይሄንን ስሰማ የተሰማኝን ልነግራችሁ አልችልም። ቫልቮላዎቹ ስራቸውን ሰርተው ዝም ሲሉ ዝምታቸውን የሚያነብላቸው ሰው ጠፍቶ ነው።

አሁን የኔ ጥያቄ ጋ ደረስን። ምርመራው ገና ሲጀመር ከአምስቱ ሶስቱ የቫልቮላው ቤት ክዳን አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ፣ አንዱ ክዳን እሳቱ ውስጥ ቀልጧል፣ የቀለጠው ቫልቮላዎቹ ላይ ተንጠባጥቦ ስራቸውን አዛብቶ ሊሆን ይችላል ተባለ። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፣ ብረት ከዛ እጥፍ በላይ ይፈልጋል። የነዳጅ እሳት በቀላሉ 660ን ያልፋል። እስቲ አስቡት፣ ሞላዋን በ3 ፐርሰንት ለክተን፣ ፈርመን፣ ማህተም አድርገን ስናበቃ፣ በእሳት ጊዜም እንድትሰራ የተፈጠረችውን እቃ በእሳት ጊዜ በሚቀልጥ ክዳን እንከድናታለን። እናቶቻችን እንኳን ድስቱን ምድጃ ላይ ሲጥዱ በፕላስቲክ አይከድኑትም።

በማርች 2023 ፒምሳ የሚባለው የአደገኛ ጭነት ደህንነት የሚቆጣጠረው የፌደራል መስሪያ ቤት ማሳሰቢያ አወጣ፣ ፉርጎ ያላችሁ ባለቤቶች አሉሚኒየም ክዳን እንዳላችሁ እዩ፣ በብረት መቀየርንም አስቡበት የሚል። ጥሩ ነው፣ ፈጥነው ማውጣታቸው ያስመሰግናቸዋል። ግን ማሳሰቢያ ማሳሰቢያ ነው፣ ህግ አይደለም። አስቡበት የተባለ ሰው አስቦበት ይተወዋል። የታንክ ፉርጎ አገልግሎት መስጫ እቃዎች ቢበዛ በየ10 አመቱ ነው ወርደው የሚፈተሹት፣ ክዳን መቀየር ካልተገደደ በቀር ሰው እስከዛ ይጠብቃል፣ ከዛ ደግሞ እስከሚቀጥለው። እኔ የምለው እሳት ሊያጋጥመው የሚችል ኬሚካል በሚጭን ታንክ ላይ ቫልቮላዋን የሚሸፍን ነገር ሁሉ ራሷ ቫልቮላዋ የምትችለውን ሙቀት መቻል አለበት፣ ይሄ ደግሞ በቁጥርና በቀን ተቆርጦ በህግ ይውጣ። የ111ዶቹንም ነገር እዚሁ ላይ ላንሳው፣ እሳቱን ያስነሱት እነሱ ሆነው ሳለ ተቀጣጣይ ፈሳሽ መጫን እስኪያቆሙ የተሰጣቸው የመጨረሻ ቀን 2029 ነው፣ ሩቅ ነው፣ በጣም ሩቅ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ዝምታው ነው። ቫልቮላዋ እሳት ውስጥ ዝም ስትል ዝምታዋ ምን ማለት እንደሆነ የሚያነብ ሰው፣ ማለትም ኬሚካሉን የሚያመርተው ድርጅት ባለሙያ፣ ውሳኔው ክፍል ውስጥ የመግባት መብትም ግዴታም ይኑርበት። አሁን ያለው አሰራር ባለሙያው ስልክ ላይ ወይ ሌላ ክፍል ውስጥ ሆኖ የሚናገረው በሶስተኛ ሰው አፍ ነው የሚደርሰው። እዚሁ ኦሃዮ ሲንሲናቲ አካባቢ ሴፕቴምበር 2024 ላይ ስታይሪን የሚባል የፕላስቲክ መስሪያ ኬሚካል የጫነ ፉርጎ ውስጡ ሞቆ ቫልቮላው ተከፍቶ መተንፈስ ጀመረ፣ ግማሽ ማይል ዙሪያ ያለውን ሰው አስወጥተው በውሃ እያቀዘቀዙት ሙቀቱን እየተከታተሉ ጠበቁት፣ ማንም ምንም አላፈነዳም። ስታይሪን እውነትም ፖሊመራይዝ የሚያደርግ ነገር ነው፣ እዛው ሲንሲናቲ 2005 ላይም ለወራት ቆሞ የተረሳ ፉርጎ ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። እዛ ቫልቮላዋን ሰሟት፣ ቴርሞሜትሩን አመኑት።

ሶስተኛው የኛ የሰራተኞቹ ነገር ነው፣ ይሄንን ከራሴ ልጀምር። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ እሰራ ነበር፣ ስሙን አልጠራም፣ ታንከር የሚታጠብበትና የሚጠገንበት ቦታ ነው። የአሲድ ፉርጎዎች ብዙዎቹ ተመላሽ ቫልቮላ ሳይሆን ራፕቸር ዲስክ ነው የሚገጠምላቸው፣ ስስ ሰሀን የምትመስል ነገር ናት፣ ግፊቱ ሲደርስ ትቀደዳለች፣ አንዴ ከተቀደደች አትመለስም። ዲስኳ ላይ የምትቀደድበት ቁጥር የተጻፈባት ምላስ አለቻት። መቀደጃው 500 የሆነ ታንክ ከሆነ በ33 ፐርሰንቱ ስሌት 165 ናት መሆን ያለባት። አንድ ሌሊት ሽፍት ላይ ክዳኑን ከፍቼ ሳያት ምላሷ ላይ ያለው 100 ነው። ታንኩ ጎን ላይ የተጻፈው 165 ነው። ለአለቃዬ ነገርኩት፣ "ቶሎ ብትቀደድ እኮ ለታንኩ ይሻለዋል፣ ዛሬ ሌሊት መውጣት አለበት፣ ፈርምና ልቀቀው" አለኝ። ይሄ ሲሰሙት ልክ ይመስላል፣ ግን ፉርጎ ከፉርጎ ሲጋጠም ውስጥ ያለው አሲድ እንደ ማዕበል ተነስቶ አናቱን ይመታዋል፣ ያ ምት ብቻ ደካማዋን ዲስክ ይቀዳታል፣ ከዛ በኋላ በየከተማው አቋርጦ የሚሄደው ክፍት አፍ ያለው የአሲድ ታንክ ነው። አልፈርምም አልኩ። ሌላ ሰው ፈረመ። እኔን ሁለት ቀን ቤትህ ተቀመጥ አሉኝ፣ ያለ ክፍያ።

እዛ አብሮኝ የሚሰራ በእድሜ የሚበልጠኝ ሳልዳቶሪ ነበር፣ ጋሼ ነው የምለው፣ ድሬዳዋ የባቡር ጋራዥ ያደገ ሰው። ያን ሌሊት ምንም አላለኝም፣ ሲነጋ ፓርኪንግ ላይ ቡና ይዞልኝ መጣና "እኔ ግን ፈርሜ አውቃለሁ፣ ስንቴ እንደሆነም አላስታውስም" አለኝ። አይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ልጆቹን ያስተማረው በዛች ደሞዝ ነው፣ አልፈርድበትም፣ እናንተም አትፍረዱበት። ህጉ ከመጫኑ በፊት ዲስኳን ለዝገትና ለጉዳት በጥንቃቄ እዩ ይላል፣ ጥሩ ህግ ነው፣ ግን አይቶ እምቢ ያለውን ሰው ያን ሌሊት ማን ይቆምለታል? ፊርማው የሰራተኛው ነው፣ ውሳኔው ግን የአለቃው ሆኗል፣ እምቢታ ሲመዘገብ ቢያንስ ፉርጎው ሌላ ሁለተኛ ሰው ከውጭ መጥቶ ሳያየው እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርግ አንቀጽ ያስፈልጋል። የኛ ልጆች ማጠቢያው፣ መጫኛው፣ መጋዘኑ ሁሉ ውስጥ አሉ፣ ብዙዎቹ ወረቀታቸውን ገና እየጠበቁ ነው፣ እምቢ ለማለት አቅሙ የሌላቸው እነሱ ናቸው።

ስለዚህ አዘጋጆች ይሄንን ብታትሙልኝ የምለምነው ለዛ ነው። ኮንግረስ ውስጥ የባቡር ደህንነት ህግ ሲነሳ ብዙ የሚወራው ስለ ኩሽኔታ መለኪያና ስለ ሰራተኛ ቁጥር ነው፣ ትክክል ነው ይወራ፣ ግን ኦሃዮም ፔንሲልቬኒያም ቴክሳስም ያላችሁ ድምጽ መስጠት የምትችሉ ወገኖቼ ለወኪላችሁ ስትጽፉ ስለ ክዳኑ አንድ መስመር ጨምሩ። በስራችሁ ታንከሩ አናት ላይ የመውጣት ፈቃድ ያላችሁ ደግሞ ትንሽ ማግኔት ቁልፋችሁ ላይ አንጠልጥሉ። የቫልቮላውን ቤት ክዳን ስትከፍቱ አስጠጉት፣ ከያዘው ብረት ነው። ካልያዘው አንስታችሁ መዝኑት፣ አንዳንድ ስቴንለስም ማግኔት አይዝም፣ እጅ ላይ ቀለል ካለ ግን አሉሚኒየም ነው። የፉርጎውን ቁጥር፣ ቀኑንና ምን ጭኖ እንደነበር ጻፉና ለባለቤቱ በጽሁፍ ላኩ፣ ኮፒውን ለራሳችሁ አስቀሩ። እኔ እስካሁን የጻፍኳቸው ደብተሬ ላይ አሉ፣ ሁለቱ ክዳን በብረት ተቀይረው ተመልሰው እጄ ላይ ገብተዋል።

አክባሪያችሁ፣
የቫልቮላ ሰራተኛው አንባቢያችሁ፣ ከኮሎምበስ ኦሃዮ